ዝንብ አታመልጠውም ያልኩት ካሜራ

ሰው ቤት ስገባ ቴሌቪዥን ከተከፈተ መጀመሪያ የማየው ፕሮግራሙን አይደለም። "ይሄ ስንት ኸርዝ ነው?" ብዬ ነው የምጀምረው። ባለቤቴ በዚህ አመሌ ስንቴ እንዳፈረች እሷው ትንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሟችን ፎቶ በስክሪን ሲያሳዩ "ሪፍሬሽ ሬቱ ዝቅ ብሏል፣ ዓይን ያደክማል" ብዬ ተናግሬ፣ በክርኗ የደቃችኝ ጎኔ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን እሸጣለሁ፣ ካሜራ እገጥማለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ደንበኛ መጥቶ "ስንት ኢንች ነው?" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ኢንችማ በሜትርም ይለካል! "ኸርዙን ጠይቀኝ እንጂ" ብዬ አስቀምጬ እሰብከዋለሁ። ስክሪን ማለት ዝም ብሎ የበራ መስታወት አይደለም፤ በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ራሱን ያድሳል፣ ጎበዙ ደግሞ መቶ ሃያ ጊዜ፤ ኸርዝም ሪፍሬሽ ሬትም የምለው ይሄንኑ ነው። ፍሬም የሚባለው ሌላ ነው፤ ካሜራው በሴኮንድ ስንት ምስል አነሳ ነው ነገሩ። ሃያ አምስት ካነሳ ዓይናችን ይሸወድና "ይንቀሳቀሳል" ይላል። ካሜራው አንድ ምስል ብቻ ከሰጠው ግን ስክሪኑ ምን ቢጎብዝ ያንኑ አንድ ምስል ስልሳ ጊዜ ይደግመዋል እንጂ አዲስ ነገር ከየትም አያመጣም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ራሴ የረሳኋት ዕለት የሆነውን ነው የማጫውታችሁ።

ከሱቄ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ አቶ ታደለና ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖራሉ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ትልቅ ቴሌቪዥንም፣ በራቸው ላይ ያለውን ካሜራም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ካሜራውን ስገጥም አቶ ታደለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ። "የሦስት ወር ቅጂ ይያዝልኝ" አሉኝ። መቅጃው ያንን ያህል እንዲይዝ ካሜራው በሴኮንድ አንድ ምስል ብቻ እንዲያነሳ አድርጌ አስተካከልኩት። ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ሁልጊዜ ለደንበኛ የምላትን አባባል ብቻ አልኳቸው፤ "ዝንብ አታመልጠውም!"

የዚያ ግቢ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ስምንት ዓመት በዚያ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎጃም ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ በጋ ከክረምት አንድ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው። ሰው ሲያልፍ ከዱካቸው፣ ከትንሿ መቀመጫቸው፣ ብድግ ሳይሉ ሰላም አይሉም። ወይዘሮ ሙሉነሽም እንደ ዘበኛ አይደለም የሚያናግሯቸው፤ "ጋሽ ደምሴ፣ ምሳ በሉ? ጋሽ ደምሴ፣ ብርድ ልብስ ይጨመርልዎ?" ነው። በዚያ ቤት አንቱታቸው ተጓድሎ ሰምቼ አላውቅም።

ከዕለታት አንድ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አቶ ታደለ ደወሉልኝ።

"ቶሎ ድረስ። ካሜራው ላይ የምታይልን ነገር አለ።"

ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። እንደ ወትሯቸው ብድግ ብለው፣ "ደህና አደርክ ልጄ? ግባ፣ ይጠብቁሃል" አሉኝ። ፊታቸው ትንሽ ጠቆር ያለ መሰለኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩ፤ ትናንት እሑድ የአቶ ታደለና የወይዘሮ ሙሉነሽ የልጅ ልጅ ክርስትና ስለነበር ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ገና አልተነሳም።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰው አገኘሁ። አቶ ታደለ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ እና የወይዘሮ ሙሉነሽ የወንድም ልጅ ያሬድ። ያሬድ ከሐሳቡ አፉ የሚቀድም ጎረምሳ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢያልፈውም ጉርምስናው አላለፈለትም።

"የሕፃኑ የወርቅ መስቀል ጠፋ" አሉኝ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ድምፃቸው ሰልሏል። "የእናቴ ነበር። እኔ ክርስትና የተነሳሁበት ነው፣ ልጄም የተነሳችበት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሩ ጋ አንገቱ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቤት ገብተን ልብሱን ሳወልቅለት የለም።"

"በሩ ጋ ነው የወደቀው" አለ ያሬድ። "በሩ ጋ ደግሞ ማን እንዳለ ታውቃለህ።"

ቅጂውን ቀድመው አይተውት ኖሯል። ከፈቱልኝ። እንግዳው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ጋሽ ደምሴ በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ ሦስት ምስሎች አሉ። በመጀመሪያው ጎንበስ ብለዋል፣ ቀኝ እጃቸው መሬት ነክቷል። በሁለተኛው ቀና ብለዋል፣ እጃቸው ደረታቸው ፊት ለፊት፣ ኮታቸው አጠገብ ነው። በሦስተኛው ወደ ግንቡ ሄደው ከምስሉ ጠርዝ ወጥተዋል፤ የሚታየው ጀርባቸው ግማሹ ብቻ ነው። ሦስት ሴኮንድ፣ ሦስት ምስል። አለቀ።

"ይዘላል ልጄ" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። "ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ቀና ብለዋል። መሃሉ የለም። ሰው በግምት አይወነጀልም።"

አቶ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ አይደለህም እንዴ ዝንብ አታመልጠውም ያልከኝ?"

በዚያች ደቂቃ ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጋሼ፣ ካሜራውን በሴኮንድ አንድ ምስል እንዲያነሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።" ይሄን ማለት ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? አላልኩትም። ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ችግር የለም፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።"

ላፕቶፔ ውስጥ ለሠርግ ቪዲዮ የምጠቀምበት አንድ ፕሮግራም አለ። የተቆራረጠ ምስል ስትሰጡት፣ በሁለቱ ምስሎች መሃል ያለውን ክፍተት ራሱ ይሞላዋል። የመጀመሪያውን ያያል፣ የሁለተኛውን ያያል፣ "ከዚህ ወደዚህ ሲሄድ እንዲህ ሆኖ መሆን አለበት" ብሎ ሃያና ሠላሳ አዲስ ምስል ይሠራል። ሙሽራ ስትሽከረከር ቀሚሷ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሰው ሁሉ ይወድልኛል። ያቺን ሦስት ሴኮንድ ሰጠሁት። ሲጨርስ በፍላሽ አድርጌ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩራት ቢጤ ሽው ብሎብኝ ነበር። በገዛ ሥራዬ!

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ አሉ። እጃቸው መሬት ነካ። ከዚያ ያ እጅ ቀስ ብሎ፣ ለስልስ ብሎ፣ አንዲት ቦታ ሳይሰበር ከመሬት ተነሳና ወደ ኮታቸው ውስጥ ገባ።

"ገባ!" ብሎ ያሬድ ከሶፋው ዘለለ። "አያችሁት? ኪሱ ውስጥ ከተተው!"

ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ አየነው። በየድግግሞሹ እጁ ይበልጥ ሌባ እየሆነ ሄደ።

"ጥሩት" አሉ አቶ ታደለ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ በሩ አጠገብ ቆሙ። ከፈትንላቸው። የገዛ ራሳቸውን ቆመው አዩ።

"ምን አነሳህ?" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

አንተ! ስምንት ዓመት "እርስዎ" ያሉት አፍ ነው "አንተ" ያለው። ጆሮዬ ደነገጠ። ጋሽ ደምሴም ሰምተውታል፤ ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ጨበጥ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

"ዳቦ" አሉ።

"ምን?"

"ቁራሽ ድፎ ዳቦ። ከእንግዶቹ የአንዱ ልጅ ጥሎት ነው መሰል፣ ከእግር ሥር ወድቆ አገኘሁት። አንስቼ ሳምኩትና ግንቡ ላይ ከፍ አደረግኩት።"

ያሬድ ከት ብሎ ሳቀ። "ዳቦ ነው ኪስ የሚከተተው?"

"ኪሴ አልከተትኩም።"

"ቴሌቪዥኑ ላይ እየታየ! አንተ ሽማግሌ፣ ዓይናችንን እንጠራጠር?" አለና ወጥቶ ሄደ፤ ግንቡን አይቶ ተመለሰ። "ምንም የለም። ዳቦ የሚባል የለም።"

ጋሽ ደምሴ ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩ። ቁልፍ፣ መነጽር፣ አሮጌ ስልክ። "ትናንትና የሰረቀ ዛሬ በኪሱ ይዞ ይመጣል እንዴ?" አለ ያሬድ። አቶ ታደለ በረጅሙ ተነፈሱና፣ "እስከ ስድስት ሰዓት አስብበት" አሉ። "መስቀሉን ከመለስክ ማንም ሳይሰማ ያልቃል። ካልሆነ ለፖሊስ እንደውላለን፤ ቪዲዮውንም እንሰጣለን።"

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ነው የዞሩት።

"ልጄ፣ አንተ ይሄን ሥራ ታውቀዋለህ። ይሄ እጅ ኮቴ ውስጥ ሲገባ ካሜራው አይቷል?"

እናንተ ሆዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። መልሱ "አላየም" ነው። አንዲት ቃል ነች። አፌ ግን፣ "ይታያል እኮ ጋሼ" አለ። አያችሁ ተንኮሏን? ውሸት አይደለም፤ ይታያል። እውነትም አይደለም።

"እሺ" አሉኝና ወጡ።

ቤተሰቡ ወደ ጓዳ ገብቶ ሲመካከር እኔ ሳሎን ውስጥ ከላፕቶፔ ጋር ቀረሁ። ያንን ለስላሳ ቪዲዮ ምስል በምስል ማየት ጀመርኩ። እጁ ኮቱ ጋ ሲደርስ ጨርቁ አይታጠፍም፤ እጁ እንደ ጥላ አልፎት ይገባል። አንዱ ምስል ላይ ጣታቸውን ቆጠርኩ። ስድስት ነው። ስድስት ጣት! ጋሽ ደምሴ መቼ ነው ስድስተኛ ጣት ያወጡት?

ለካ ያንን እጅ ኪስ የከተተው የኔ ፕሮግራም ነው። ካሜራው ያየው መሬት ላይ ያለ እጅና ደረት ፊት ያለ እጅ ብቻ ነው። ደረት ፊት ያለ እጅ ደግሞ ወደ አፍ እየሄደም ሊሆን ይችላል። ዳቦ ሊስም! በመሃሉ ያለፈው አንድ ሙሉ ሴኮንድ የት እንደገባ ከእግዜርና ከጋሽ ደምሴ በቀር የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ወዲያው ተነስቼ ጮህኩ? አልጮህኩም። ፈራሁ። "ቪዲዮ ፈጥሮ ሰው ወነጀለ" ተብሎ ዓለም ባንክ ሙሉ ሲያወራብኝ ታየኝ። ሱቄ ታየኝ። ካሜራ የገጠምኩላቸው ደንበኞች በሙሉ "የኛስ?" ብለው ሲመጡ ታየኝ። አየር ልቀበል ብዬ ወደ በሩ ወጣሁ።

ጋሽ ደምሴ ዱካቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ! በሩን ሊከፍቱልኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"አልወጣም ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

ተቀመጡ። "እስር ቤቱ አይደለም የጨነቀኝ" አሉ። "ልጄ አስተማሪ ናት፣ እዚሁ ሰፈር። ተማሪዎቿ የዘበኛ ልጅ መሆኗን ያውቃሉ፤ አታፍርበትም፣ እንዲያውም ምሳዬን ይዛ እዚህ ድረስ ትመጣለች። አሁን የሌባ ልጅ ሊሏት ነው። ክፍል ገብታ እንዴት ትቆማለች?"

አጠገባቸው በሩን ተደገፍኩ።

"አንተ ላይ አልፈርድም" አሉ ቀጥለው። "ያየኸውን ነው ያሳየኸው።"

ይቺን ነው ያልቻልኩት። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ዞሬ ሦስቱም ከጓዳ ወደተመለሱበት ሳሎን ገባሁና፣ "ስሙኝ!" አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። "ያ እጅ የጋሽ ደምሴ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ካሜራው በሴኮንድ አንድ ምስል ብቻ እንደሚያነሳ፣ ያንን ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መሃሉን ፕሮግራሙ በግምት እንደሞላው፣ ስድስቱን ጣት፣ ምንም አላስቀረሁም። ተናግሬ ስጨርስ ከላዬ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። አሁን ይጠሯቸዋል፣ ይቅርታ ይሏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

ያሬድ ዓይኑን አጠበበ። "አሁን ውጭ ሄደህ ስታናግረው ነበር። ምን አለህ?"

"ምንም አላሉኝም!"

"ታዲያ መጀመሪያ ለምን አሳየኸን?"

ወይዘሮ ሙሉነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ማዘንህ ደግ ነው። እኔም አዝናለሁ። ግን በዓይኔ አየሁ። ሲከተው አየሁ። ያየሁትን አላየሁም ልበል?"

በቃ። ማሳየት ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ያሳየሁትን መንጠቅ ግን አቃተኝ። "አየሁ" ያለን ሰው በምን ቋንቋ ነው "አላየህም" የምትሉት? ሰዓቱን አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። አቶ ታደለ ስልካቸውን አውጥተዋል።

ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ።

"አሥር ደቂቃ ስጡኝ" አልኩ። የትናንቱን ቅጂ መልሼ ከፈትኩና ማገላበጥ ጀመርኩ። የፈለግኩትን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። ድንኳኑ ሥር፣ ካሜራው በሚያየው በኩል፣ የስጦታ ጠረጴዛ ነበር። አቶ ታደለ በአንዱ ምስል ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመው እጃቸውን አንዲት ትንሽ የተጠቀለለች ስጦታ ላይ አሳርፈዋል። በሚቀጥለው ምስል እጃቸው ኮታቸው ውስጥ ነው። ሁለቱን ምስሎች ለፕሮግራሙ ሰጠሁት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩት።

አቶ ታደለ፣ የቤቱ አባወራ፣ ትንሿን ስጦታ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አነሱና፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ ኮታቸው ውስጥ ከተቷት።

"ታደለ!" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

"ኧረ በመድኃኔዓለም!" አቶ ታደለ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ስልኬን ነው! ስልኬ ጮኾ... እጄን ኪሴ የከተትኩት ስልኬን ላወጣ ነው! ሙሉ፣ ምን ነካሽ፣ እኔ የገዛ የልጅ ልጄን ስጦታ?"

"በዓይኔ አየሁ እኮ" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ድምፃቸው ግን የክስ አልነበረም፤ የገዛ አፋቸውን እየሰሙ ነበር። ያሬድ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። እሳቸው ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ ባላቸውን ያያሉ፣ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ያያሉ።

"ያመንኩህ ባሌ ስለሆንክ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "እሱ... እሳቸው ግን ዘበኛ ናቸው።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተከተልናቸው። ጋሽ ደምሴ ብድግ አሉ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ዳቦውን የት ነው ያስቀመጡት?"

ጠዋት የተጠየቀው "ምን አነሳህ?" ነበር፤ እሱ ክስ ነው። ይሄኛው ጥያቄ ነበር። ጋሽ ደምሴ በጣታቸው አሳዩ፤ በበሩና በመብራት ቆጣሪው መሃል፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ የግንብ ጠርዝ ነው። ዳቦው የለም። ወፍ በልቶት ይሆናል፣ ድመት ይሆናል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግን ቀና ብለው አልነበረም የሚያዩት። ከመሬት ጀምረው ነው።

ከግንቡ ሥር አንዲት ቀጭን የጉንዳን መስመር ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ሌላዋ ትወርዳለች። የምትወርደዋ ባዶ እጇን አይደለችም፤ እያንዳንዷ ነጭ ፍርፋሪ ተሸክማለች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ዱካው ላይ ወጡ፣ በጋሽ ደምሴ ዱካ። በመዳፋቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ሲወርዱ መዳፋቸው ላይ የዳቦ ቅርፊት ቁራጭ ነበር፤ ጥቁር አዝሙዱ ሳይቀር ይታያል። ራሳቸው የጋገሩት ድፎ ነው፣ አይጠፋቸውም። ቆመው አለቀሱ። "ይቅር ይበሉኝ" አሉ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊይዙ ሲሉ ጋሽ ደምሴ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው።

"ይቅር ለእግዜር" አሉ። ከዚያ የጉንዳኖቹን መስመር እያዩ፣ በማንም ላይ ሳይጮሁ፣ "ግን እትዬ፣ ጉንዳን ባይወጣ ኖሮስ?" አሉ።

መስቀሉ በሁለተኛው ቀን ተገኘ። ሕፃኑን ታቅፈው የገቡት የክርስትና አባቱ ነጠላቸውን ሊያሳጥቡ ሲዘረጉት ሰንሰለቱ ጥለቱ ውስጥ ተጠላልፎ አገኙት። በሩ ጋ ጭራሽ አልወደቀም ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወሩን ጨርሰው ሥራቸውን ለቀቁ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ለምነዋቸው ነበር፤ ሽማግሌ ሁሉ ልከው። አሁን አስኮ አካባቢ አንድ እንጨት መሸጫ ይጠብቃሉ። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን፣ "ለምን አልቆዩም? ከልባቸው ነበር እኮ ይቅርታ የጠየቁት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ደግ ሴት ናቸው" አሉኝ። "ግን ከዚያ ወዲህ እርስዎ ሲሉኝ ከሥሩ አንተ ይሰማኛል። ምን ላድርግ? ጆሮዬ አልፋቀው አለ።"

ቀጠሉና፣ "አንተ ማሽኑ ነው መሃሉን የሞላው ትላለህ" አሉ። "ያሬድማ ማሽኑ ሳይመጣ ሞልቶት ነበር።"

እናንተ ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ ሥራዬ ነውና ስለ ቴሌቪዥናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤታችሁ ያለው አዲስ ቴሌቪዥን ምስል የሚያለሰልስ ነገር አለው፤ ኳሱ እንዳይቆራረጥ በሁለቱ ምስሎች መሃል የራሱን ይጨምራል። ለኳስ ግድ የለም፣ ተዝናኑበት። እኔ ግን ዛሬ ካሜራ ስገጥም "ዝንብ አታመልጠውም" ማለት ትቻለሁ። በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚያነሳ፣ የማያየውም ስንት እንደሆነ ቁጭ ብዬ እናገራለሁ። ሥራ አጥቼበታለሁ፤ ከጎኔ ያለው ሱቅ "ሁሉን ያያል" እያለ ይሸጣል። ይሽጥ። ባለቤቴ "ድሮ በኸርዝ ታደክመን ነበር፣ አሁን በንስሐ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የሚከብደኝ ካሜራው አይደለም። እኔ ራሴ ስለ ሰው የማውቀው ስንት ምስል ነው? ጎረቤቴን ጠዋት ሲወጣ አየዋለሁ፣ ማታ ሲገባ አየዋለሁ። ሁለት ምስል ነው ያለኝ። ቀኑን ሙሉ ምን እንደዋለ ግን ሞልቼ ጨርሼዋለሁ፤ ያውም አንድ ቦታ ሳይሰበር፣ ለስልሶ። እናንተስ? በነገር ጣልቃ ገባ አትበሉኝና፣ ዛሬ የተቀየማችሁትን ሰው ስንት ጊዜ ነው ያያችሁት?

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ደምሴ ጋ ስሄድ ልጃቸው ምሳቸውን አምጥታ ነበር። አስተማሪዋ። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ስቀበላት ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ እፍ ብዬ ሳምኩትና የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ ፈለግሁ፣ የተደረደረው እንጨት ላይ አኖርኩት።

ዞር ስል ጋሽ ደምሴ እያዩኝ ነው። ዓይናቸው ይስቃል።

"ይቺንስ ካሜራህ ያያት ነበር?"

"አያትም ጋሼ" አልኳቸው።

"እኔ አይቻለሁ" አሉኝ፤ ሌላ ቁራሽም ቆርሰው ሰጡኝ።